በጭቃ ውስጥ የሚተነፍስ ተክል

ሎተስ በውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። ቅጠሉ እንደ ጎደሬ ቅጠል ሰፊ ነው። ውሃ ቢፈስበት አይርስም፤ እየተንከባለለ ይወርዳል። በቻይና አገር፣ በሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ገበሬዎች በኩሬ ያለሙታል። አበባው ያምራል። በብዛት የሚበላው ግን ጭቃ ውስጥ ያለው ነው። ሰው ሥር ይለዋል እንጂ እንደ ዝንጅብል በመሬት ውስጥ የተኛ ግንድ ነው።

በብርድ ወራት ቅጠሉ ይደርቃል። የኩሬው ውሃ ከላይ በረዶ ቢሆንም፣ በረዶው ጭቃው ድረስ ካልወረደ ግንዱ አይሞትም።

ብርዱ ሲያልፍ ግንዱ ተቆርጦ በጭቃ ውስጥ አግድም ይተከላል። ታዲያ ለቡቃያው ጫፍ መጠንቀቅ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ውሃው መጀመሪያ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ያሞቀዋል። ቅጠሉ ሲያድግ ውሃ ይጨመራል። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ስለሚያራባ ትናንሽ ዓሣ ቢገባበት ይበጃል።

ግንዱን ቆርጣችሁ ብታዩት ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ይህ የአየር መንገድ ነው። ጭቃ ውስጥ አየር የለም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ከላይ አየር ስቦ በአገዳው በኩል ወደ ግንዱ ይልካል። አገዳው ከውሃ በታች ከተቆረጠ ግን በዚያው መንገድ ውሃ ይገባል፤ ግንዱም ይበሰብሳል። የደረቀውን ቅጠል እንኳ ከውሃ በላይ ነው መቁረጥ።

ቁፋሮው ከባድ ነው። ቆፋሪው በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ግንዱን ሳይሰብር ማውጣት አለበት። ከተሰበረ ቀዳዳው ጭቃ ይሞላል፤ ገዢም አይወደውም። ዛሬ ብዙዎች ጭቃውን በፓምፕ ውሃ እያጠቡ ያወጡታል።