የሕፃናት የአእምሮ ጤና ድጋፍ በሕፃናት ደኅንነት አገልግሎት ውስጥ

የሕፃናት የአእምሮ ጤና ድጋፍን ከሕፃናት ደኅንነት አገልግሎት ጋር ማቀናጀት ማለት ወላጅ ያጡ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ወይም በችግር ውስጥ ያሉ ልጆችን የሚረዱ ሠራተኞች ምግብን፣ መጠለያንና ትምህርትን ብቻ ሳይሆን የልጁን ስሜትና ባሕርይም እንዲከታተሉ የሚያደርግ አሠራር ነው። «ሕፃን» የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሁሉ ያመለክታል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያሉ ሰፈሮች ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ያስችላሉ።

አስፈላጊነቱ

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ከአእምሮ ጤና ችግሮች አንድ ሦስተኛው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል። ልጅ ጭንቀቱን በቃል አይናገርም። አልጋ ላይ መሽናት፣ የሆድና የራስ ሕመም፣ ጠብ፣ ዝምታ ወይም ከትምህርት መቅረት ሆኖ ይታያል። ይህ እንደ ብልግና ወይም ስንፍና ሲቆጠር ልጁ በእርዳታ ፈንታ ቅጣት ያገኛል።

በእንጦጦ ብዙ እናቶች ከባሕር ዛፍ ደን እንጨትና ቅጠል ተሸክመው በመሸጥ ይተዳደራሉ። እናት ማልዳ ስትወጣ ታናናሾቹን የምትጠብቀው ታላቅ እኅት ናት። ሸክሙ ሲበዛባት ቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም የለም፤ ሊያውቁ የሚችሉት መምህር፣ ጎረቤትና ቤቷ የሚመጣ የወረዳ ሠራተኛ ናቸው።

ወደ እንጦጦ ጸበል ፈውስ ፈልገው የሚመጡ ቤተሰቦችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። በአእምሮ ሕመምም ቢሆን ቤተሰብ ከጸበልና ከሐኪም አንዱን እንዲተው አለመጠየቅ ልጁን ወደ ሕክምና ለማቅረብ ይረዳል።

የሕግ መሠረት

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 39 ጥቃት የደረሰበት ሕፃን በአካልም በሥነ ልቦናም እንዲያገግም አገሮችን ያስገድዳል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ አቅዷል። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲ ወጣ። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ስለቀረ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን የማሳደግ ኃላፊነት በዘመድ፣ በአደራ ቤተሰብና በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ላይ ይበልጥ ወድቋል።

አሠራሩ

ቅንጅቱ አራት ደረጃዎች አሉት።
፩. መለየት፦ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ወይም የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤት ጉብኝት ወቅት የልጁን እንቅልፍ፣ ጨዋታና ትምህርት ትጠይቃለች።
፪. ማነጋገር፦ ልጁ ለብቻው ይደመጣል፤ አሳዳጊውም ያለ ዱላ ስለማሳደግ ምክር ያገኛል።
፫. መላክ፦ ችግሩ ከበረታ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካል።
፬. መከታተል፦ የላከው ሠራተኛ ልጁ መድረሱንና መመለሱን ያረጋግጣል።

በአካባቢው የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኮቪድ-19 ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ አገልግሏል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ይገኛል።

ተግዳሮቶች

የሕፃናት ጉዳይና የጤና ጉዳይ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለሚመሩ ልጁ በመካከላቸው ሊጠፋ ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል፤ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤትም በ2004 እንደገና ተከፍቷል። ሆኖም በሕፃናት አእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች አሁንም ጥቂት ናቸው። የታክሲ ወጪና ከሥራ የሚቀር ቀን አሳዳጊዎችን ከክትትል ያስቀራል። ምሥጢር መጠበቅም ከባድ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር «እብድ» የሚል ስም የወጣለት ልጅ ስሙ ከሕመሙ በላይ ሊከተለው ይችላል።