ሐኑካ፤ በሕፃናት እጅ ስለሚሠራ የቤት በዓል

ሐኑካ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ማስመረቅ ማለት ነው። በዓሉ በአይሁድ አቆጣጠር ኪስሌቭ በተባለው ወር በ25ኛው ቀን ይጀምርና ስምንት ቀን ይዘልቃል። የሚያስታውሰውም ንጉሡ አንጥያኮስ 4ኛ ያረከሰውን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ይሁዳ መቃቢስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ገደማ አስመልሶ ማንጻቱን ነው። ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ንጹሕ ዘይት ስምንት ቀን እንደ በራ የሚተርከው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን ዘግይቶ የተጻፈው ታልሙድ ነው።

የበዓሉ ዋና ሥርዓት የሚፈጸመው በቤት ነው። መብራቱ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው በደጃፍ ወይም በመስኮት ይቀመጣል። የሻማይ ወገን በመጀመሪያው ሌሊት ስምንት አብርቶ በየሌሊቱ አንድ አንድ መቀነስ ይገባል ሲል፣ የሂሌል ወገን በቅድስና ነገር መጨመር እንጂ መቀነስ አይገባም ብሎ ከአንድ መጀመርን አስተማረ፤ የጸናውም የሂሌል ሥርዓት ነው። ስለዚህ ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ መብራቱን ቈጥሮ በዓሉ የት እንደ ደረሰ ያውቃል።

ሕፃናት መቅረዙን ከሸክላ፣ ከእንጨት ወይም ከወዳደቀ ዕቃ ይሠራሉ። ሥራው ጨዋታ ቢመስልም ሕግ አለው። ስምንቱ መብራቶች በአንድ መስመርና በእኩል ከፍታ መቆም አለባቸው፤ ነበልባላቸው ተቀላቅሎ ችቦ እንዳይመስልም ይራራቃሉ። በብርሃናቸው መሥራት ስለማይፈቀድ፣ ሻማሽ ማለትም አገልጋይ የሚባለው ዘጠነኛው መብራት ተለይቶ ይቀመጣል። እንግዲህ ልጁ ጭቃውን ሲያድቦለቡል ሕጉን በጣቱ ይማራል። በአራት ጐኑ ፊደላት የተጻፈበት የሚሽከረከር መጫወቻም እንዲሁ ነው። ከአውሮፓ የቁማር ጨዋታ የመጣ ሲሆን፣ ፊደላቱ «ታላቅ ተአምር በዚያ ሆነ» የሚለውን ቃል ያመለክታሉ፤ በእስራኤል አገር ግን «በዚያ» የሚለው «በዚህ» ተብሎ ይለወጣል።

የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ሥርዓት በኦሪት ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ሐኑካን በልማዱ አያከብርም ነበር። በግእዝ የሚገኙት መጻሕፍተ መቃብያንም በስም ቢመሳሰሉ ይህን ታሪክ አይተርኩም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ከተጓዙ በኋላ ግን ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት የሸክላ መቅረዝ ይዘው ወደ ቤት ይገቡ ጀመር። ቄሱና ሽማግሌው በሚያስተምሩበት፣ ልጅም በሚሰማበት ማኅበር፣ የበዓሉን ትርጕም ለአባት የሚያስረዳ ልጅ ሆነ። መቅረዙ ቤቱን ከአዲሱ አገር ጋር ሲያስተሳስር የሽማግሌውንም ስፍራ ነካ።

በአንጻሩ ከሐኑካ በፊት አንድ ወር ያህል ቀድሞ የሚውለው ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በዚህ በዓል ዐዋቂው ቄሱ ነው፤ ልጁም ለሚጠይቀው ነገር መልሱን የሚያገኘው ከቤቱ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ በዓላትን የሚመረምር ሰው ምን እንደሚከበር ብቻ ሳይሆን፣ በየቤቱ ማን ማንን እንደሚያስተምርም ሊመለከት ይገባዋል።