የመጋዘን ሠራተኛ በምን ይመረጣል? የዋስ ደብዳቤና የሚዛን ፈተና በምዕራብ ጎጃም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን አልፎ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያቋርጣል። ቡሬ ላይ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚያመራው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ መገናኛ ዙሪያ የሚገኙት የጃቢ ጠህናን፣ የወምበርማና የቡሬ ወረዳዎች በበቆሎ ምርታቸው የታወቁ ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በቡሬ መጋዘን ያቋቋመው፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚሁ የተተከለው ከምርቱ ቅርበት የተነሣ ነው። የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ፣ እንደ ዳሞት ያሉ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የግል ነጋዴዎች ሲጨመሩ፣ የሚረከብ፣ የሚመዝን፣ የሚያከማችና የሚያስጭን ሠራተኛ ፍላጎት ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዷል።

ይህ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ማስታወቂያ መልኩ የታወቀ ነው፦ የትምህርት ደረጃ፣ በዓመት የተቆጠረ የሥራ ልምድ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ በመጨረሻም «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል» የሚል መስመር። የድርጅቱ ዕሴቶች ብዙውን ጊዜ በስትራቴጂ ሰነዱ ውስጥና በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ፤ በመምረጫ መስፈርቱ ውስጥ ግን ቦታ የላቸውም። ታማኝነትን በተመለከተ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ብቸኛ ማስረጃ ዋስ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄም ዋስ የሚያረጋግጠው ምንድን ነው፣ የማያረጋግጠውስ በምን ሊሟላ ይችላል የሚል ነው።

ጥያቄው በተለይ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ይመለከታል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት በ1995 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ያጸደቀው መግለጫ ራስን መርዳትን፣ የግል ኃላፊነትን፣ ዴሞክራሲን፣ እኩልነትን፣ ፍትሐዊነትንና መተባበርን የማኅበራቱ ዕሴቶች ያደርጋል። አባላት ሊያምኑባቸው ከሚገቡ ሥነ ምግባራዊ ዕሴቶች መካከልም ሐቀኝነትንና ግልጽነትን ይጠቅሳል። እንደ እኔ አስተያየት እነዚህ ቃላት ለቅጥር የሚጠቅሙት ወደ መጋዘኑ የዕለት ሥራ ከተተረጎሙ ብቻ ነው። «ሐቀኛ» የሚለው ቃል በሚዛን ፊት ምን ማድረግ እንደሆነ ካልተነገረ አመልካቹም ጠያቂውም የየራሳቸውን ትርጉም ይዘው ይለያያሉ።

የሥራውን ባሕርይ በአንድ ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ የሚከማች በቆሎ እርጥበቱ ከ13 እስከ 13.5 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ መጋዘን 1000 ኩንታል በቆሎ በ16 በመቶ እርጥበት ተረከበ እንበል። እህሉ በቆይታው ወደ 13 በመቶ ቢደርቅ፣ አንዲት ፍሬ ሳትሰረቅ ክብደቱ ወደ 965.5 ኩንታል ይወርዳል። በሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 34.5 ኩንታል ጎድሎ ይገኛል ማለት ነው። በርክክቡ ዕለት 16 ብሎ የመዘገበ ሠራተኛ ጉድለቱን በወረቀት ያስረዳል። ለሻጩ አዝኖ ወይም ወረፋው አስጨንቆት 13 ብሎ የጻፈ ግን ምንም ሳይወስድ ባለዕዳ ይሆናል። በተቃራኒው፣ 13 በመቶ የሆነውን እህል 16 ብሎ የመዘገበ ሰው 34 ኩንታል ያህል የሚያወጣበት ሕጋዊ መልክ ያለው ቀዳዳ በእጁ አለ። ሦስቱንም የሚለየው በሞዴል 19 የርክክብ ደረሰኝ አጠገብ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ነው፤ ያን ቁጥር ሲጻፍ የሚያይ ተቆጣጣሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቦታው አይኖርም።

ጉዳቱ በክብደት አይወሰንም። ከመጠን በላይ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ ሻጋታ ያበቅላል፤ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ፈንገስ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ ለጉበት ካንሰር መንስኤ እንደሆነ የተረጋገጠ መርዝ ነው። ነቀዝን ለመከላከል የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የተቀመጠበትን ቀን በትክክል ያልመዘገበ ሠራተኛ በጫኝና አውራጆቹ ሕይወት ላይ ይፈርዳል። ባንክም አለበት። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓትን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ደረሰኙ የባለቤትነት ሰነድና የብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። አዲስ አበባ ያለ አበዳሪ ቡሬ ያለውን እህል አያይም፤ የሚያምነው በደረሰኙ ላይ የሰፈረውን መጠንና ደረጃ ነው።

ዋስ ወደዚህ ሥዕል የሚገባው እንዴት ነው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ አይጸናም። እንግዲህ ዋስትና ከተፈጥሮው የካሣ ስምምነት ነው። ዋሱ «ይህ ሰው አይሰርቅም» ብሎ አይመሰክርም፤ «ቢያጎድል እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ይላል። ጉድለት በቆጠራ ሲታወቅ ይሠራል፤ የተዛባ የእርጥበት ቁጥርን፣ ለአንዱ ተረክቦ ለሌላው «ነገ ና» የሚባልበትን አድልዎ፣ ገበሬው ላይ በሚዛን የሚደርሰውን በደል ግን አይነካም። እነዚህ ለድርጅቱ ጉድለት ሆነው አይመዘገቡም፤ እንዲያውም የኋለኛው በትርፍ መልክ ሊታይ ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለው። ዋሱ ቋሚ ደመወዝተኛ እንዲሆን በሚጠየቅበት ቦታ፣ መሥሪያ ቤት የገባ ዘመድ ያለው አመልካች ይገባል፤ የሌለው ይቀራል። ከገጠር ቀበሌ መጥታ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም የሙያ ሥልጠና ያጠናቀቀች ወጣት፣ ቤተሰቧ በሙሉ አራሽ ከሆነ፣ ችሎታዋም ሐቀኝነቷም ሳይመዘን ከበር ትመለሳለች። የገባውም ቢሆን ለዋሱ ውለታ አለበት። ዋሱ ወይም የዋሱ ወንድም አንድ ቀን እህል ጭኖ ቢመጣ ውለታው ሚዛኑ አጠገብ ይቆማል።

የምርጫ ዘዴዎችን ያነጻጸሩ ጥናቶች ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ መረጃ ይሰጣሉ። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ቀደም ያሉ ጥምር ጥናቶችን እንደገና ሲመረምሩ፣ የኋላ የሥራ ውጤትን በመተንበይ ረገድ ወጥ ጥያቄና ወጥ መመዘኛ ያለው ቃለ መጠይቅ 0.42 ትስስር ሲያሳይ፣ እንደ መጣ የሚካሄደው ጭውውት መሰል ቃለ መጠይቅ 0.19 ላይ ቀርቷል። በጽሑፍ የሚሰጥ የሐቀኝነት ፈተና 0.31 ሲሆን፣ የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት ከ0.1 በታች ነው። ማስታወቂያዎቻችን አስቀድመው የሚያጣሩበት መስፈርት ከሁሉ ደካማው ሆኖ መገኘቱ ሊያሳስበን ይገባል። እርግጥ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተካሄዱት ከእኛ በራቁ የሥራ ገበያዎች ስለሆነ አኃዙን እንዳለ ወደ ቡሬ ማምጣት አይቻልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለመነሻ ይበቃል።

በማስታወቂያው ላይ ስለ አገልግሎትና ስለ ወገን ፍቅር መጻፍስ ይረዳልን? ከአፍሪካ የተገኙት ማስረጃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አይጠቁሙም። ኤሪካ ዴሴራኖ በኡጋንዳ የመንደር የጤና ሠራተኞች ምልመላ ላይ ያደረገችው ጥናት፣ ከፍ ያለ ገቢ እንደሚገኝ መነገሩ ለሌላው የሚያስቡ አመልካቾችን እንዳራቀ አሳይቷል። በዛምቢያ ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ሙከራ ግን የሥራ ዕድገትን በሚያጎላ ማስታወቂያ የተመለመሉት፣ ማኅበረሰብን ማገልገልን በሚያጎላው ከተመለመሉት በ29 በመቶ የበለጠ የቤት ለቤት ጉብኝት ማድረጋቸውን ደርሶበታል። በእኔ ንባብ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ዝቅተኛ ደመወዝ ደግ ሰው ያመጣል የሚል አይደለም። የመጋዘን ሠራተኛ በየቀኑ ከደመወዙ እጅግ የበለጠ ዋጋ ያለው ንብረት ስለሚነካ፣ በዕሴት ስም ደመወዙን ማሳነስ ፈተናውን ማክበድ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ዕሴቱን በቃለ መጠይቁና በሥራ ናሙናው ውስጥ መፈለግ ይሻላል። «ታማኝ ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላል። በምትኩ ይህን መጠየቅ ይቻላል፦ «ቅዳሜ አመሻሽ ነው። 60 ኩንታል በቆሎ የጫነ መኪና ከበር ቆሟል፤ ዝናብ እየጠቆረ ነው። የእርጥበት መለኪያው 16.5 ያሳያል። ባለ እህሉ አበልጅዎ ናቸው፤ የቅርብ ኃላፊዎ ስልክ አይመልሱም። ምን ያደርጋሉ?» መልሱ የሚመዘነው አስቀድሞ በተጻፈ ደረጃ ነው። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የሚረከብ ዝቅተኛውን፣ «ሕግ አይፈቅድም» ብሎ የሚመልስ መካከለኛውን ነጥብ ያገኛል። እህሉን ከዝናብ አስጠልሎ ከክምችቱ ለይቶ የሚያቆይ፣ ትክክለኛውን ቁጥር በባለ እህሉ ፊት የሚመዘግብ፣ ዝምድናውን ራሱ ገልጾ ለኃላፊው በጽሑፍ የሚያሳውቅ ከፍተኛውን ያገኛል። አበልጅነት በጎጃም ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ጠያቂ፣ ጥያቄው ሐቀኝነትን ከጭካኔ ለይቶ ያሳያል፤ ገበሬው የሚፈልገውም ፊቱን የሚያጠቁርበት ሳይሆን ቁጥሩን የሚያሳየው ሰው ነው።

ቀጥሎ ተግባራዊ ናሙና ይሰጣል፦ ከአሥር ጆንያ ናሙና ወስዶ መለካት፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን ሳይነገረው ማረጋገጥ፣ ስሕተት የተደረገበትን ቢን ካርድ ማስታረቅ። ስሕተቱ አመልካቹን የሚጠቅም ቢሆን ይመረጣል፤ መናገሩ ራሱ መረጃ ነው። ዋስ ይቅር ማለቴ አይደለም። መጠኑ ተወስኖ፣ ከምርጫው በኋላ በሚፈጸም የመድን ዓይነት መተማመኛ ቢተካ ወይም ቢደገፍ፣ ማጣሪያነቱ ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እህል ከታሰበው ጊዜ በላይ በመጋዘን ይቆያል፤ የኦዲተርና የኃላፊ ጉብኝትም ይራራቃል። ሠራተኛው ብቻውን የሚወስናቸው ቀናት በዚያው ልክ ይበዛሉ።

በመጨረሻ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል። በጀት እንደ ጸደቀ በሐምሌ መጀመሪያ የተቀጠረ ሠራተኛ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ፣ ሙከራውን የሚጨርሰው በመስከረም አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በቆሎው ገና በማሳ ላይ ነው፤ መጋዘኑም ባዶ ወይም ወደ ባዶነት የቀረበ ነው። የተፈተነው ሰው ሚዛን ፊት ሳይቆም ቋሚ ይሆናል። ቅጥሩ ወደ ኅዳር ቢገፋ 60ው ቀናት ከአዲሱ እህል ርክክብ ጋር ይገጥማሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ዕቅዱን በአራት ወር ማዘግየት ነው።