«ባይ» ወይስ «ቱ»? ፐርሰንት በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ብር የሚያስከፍሉን 3 ስህተቶች

ሳቢያን ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ልጅ አለ እንበል። የ2,000 ብር ስኒከር ላይ 30 ፐርሰንት ቀነሰና ቴሌግራም ቻናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ለጠፈ፦ «ሪዲውስድ ቱ 30 ፐርሰንት»። እሱ ያሰበው 1,400 ብር ነው። የጻፈው ግን 600 ብር ነው! ደንበኛ ስክሪንሾቱን ይዞ ቢመጣ ልጁ ምን ይመልሳል?

በኦንላይን የምንሸጥም፣ ዜና የምናነብም በዚህ ነገር እንሳሳታለን። ስለዚህ ሦስቱን እንያቸው።

1. «ባይ» እና «ቱ»
«ባይ» የተቀነሰውን ወይም የተጨመረውን መጠን ይናገራል። «ቱ» ደግሞ መጨረሻ ላይ የደረሰበትን። «ሪዲውስድ ባይ 30 ፐርሰንት» ቢል ኖሮ 600 ብር ቀንሶ 1,400 ይቀበል ነበር። ከተጠራጠራችሁ «30 ፐርሰንት ኦፍ» ብላችሁ ገላገሉት።

2. «ፐርሰንት» እና «ፐርሰንቴጅ ፖይንት»
በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ፐርሰንት አሳደገ። በስንት ጨመረ? «2 ፐርሰንት» ካላችሁ ተሳስታችኋል። የ5 ሁለት ፐርሰንት 0.1 ብቻ ስለሆነ ወለዱ 5.1 ይሆን ነበር።

በብር እንየው። 10,000 ብር ላስቀመጠ ሰው የዓመቱ ወለድ (ግብር ሳይቆረጥ) ከ500 ወደ 700 ብር ከፍ አለ። «2 ፐርሰንት ጨመረ» ቢባል ግን 510 ብር ብቻ ነው የሚያገኘው። ትክክለኛው አጻጻፍ «ባይ 2 ፐርሰንቴጅ ፖይንትስ» ነው። «በ40 ፐርሰንት» ማለትም ይቻላል፤ 200 የ500 40 ፐርሰንት ነውና። ሁለት ፐርሰንቶችን አቀናንሳችሁ ያገኛችሁት ልዩነት ሁሌም «ፖይንት» ነው።

3. ፐርሰንቱ የምን ነው?
ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። ያን ቀን «ብር 30 ፐርሰንት ወደቀ» የሚል ዜና በየቦታው ነበር። ሂሳቡን ስንሠራ ግን 30 ፐርሰንት የጨመረው የዶላር ዋጋ ነው። የብር አቅም የወረደው 23 ፐርሰንት ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ መነሻው ሲለያይ መልሱም ተለየ።

ትንሽ ነገር ስለ አጻጻፉ እንጨምር። አሜሪካኖች «ፐርሰንት»ን አንድ ቃል አድርገው ይጽፋሉ፣ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፍሉታል። ሁለቱም ልክ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ አታደባልቁ ብቻ። ቁጥር ከሌለ ደግሞ «ፐርሰንቴጅ» ነው የሚባለው።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ፦ ከፊራ ላይ የ1,000 ብር ዕቃ 20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ 20 ፐርሰንት ቀነሰ። 1,000 ብር ላይ ተመለሰ ካላችሁ ተበልታችኋል። 960 ነው፤ የቀነሰው ከ1,200 ላይ ነዋ!

ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ዋጋውን በብርም ጻፉት። ብር «ባይ»ና «ቱ» የለውም።