አባይ በረሃ ባህር በነበረ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ጎሃ ፅዮንን እንዳለፈ ማርሹን ይቀንሳል። ከዚህ በታች ያለው አባይ በረሃ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱም እየበረታ ይመጣል። የተሳፋሪው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ገደሉ ላይ ነው። በወዲያኛው መስኮት በኩል ግን፣ መንገዱ ተቆርጦ የወጣበት ግድግዳ ላይ፣ ቢጫማ የኖራ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። ያ ድንጋይ በዛጎል የተሞላ ነው።

ቀረብ ብሎ ላየው ሰው፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዛጎል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በቀጫጭን መስመሮች ተሸንሽና ትገኛለች። የባህር ጃርት የሚባለው እንስሳ ክብ ቅርፊት ከነአምስት የነጥብ ሰልፉ፣ ኮራልም የማር እንጀራ ከሚመስሉ ቀዳዳዎቹ ጋር ድንጋይ ሆነው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሁሉ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጨው ውሃ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ውቅያኖሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ገብቶ የዛሬውን ደጋ አጥለቅልቆት ነበር። ባህሩ ጥልቀት አልነበረውም፤ ሞቃትና ብርሃን የሚደርሰው ስለነበር ዛጎላማ እንስሳት ረቡበት። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ታች እየወረደ፣ እየተከመረና እየተጫነ ድንጋይ ሆነ። በመቀሌ ዙሪያ ይኸው ክምችት በመቶዎች ሜትር ይለካል። በ1868 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ድንጋዩን በትግራይ ባለችው ከተማ ስም አንታሎ ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ በሙያው ዘንድ ይሠራበታል።

የዚያ ባህር ነዋሪዎች በአብዛኛው አከርካሪ የለሽ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ዓለም የእነሱ ናት፦ ከሚታወቁት የእንስሳት ዓይነቶች ከ100ው ከ95 በላይ የሚሆኑት አከርካሪ የላቸውም። አርስቶትል እነዚህን “ደም የሌላቸው” ብሎ ለይቷቸው ነበር። ነገር ግን የምድር ትል ደሙ ቀይ ነው፤ የኦክቶፐስ ደም ደግሞ መዳብ ስላለበት ሰማያዊ ነው። መለያውን ከደም ወደ አከርካሪ ያዞረውና “አከርካሪ የለሽ” የሚለውን ስም ያወጣው በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያስተማረው ፈረንሳዊው ላማርክ ነው።

ድንጋዩ እንዴት እንደተሠራ ለማየት ክረምት ላይ ከጓሮ ቀንድ አውጣ ማንሳት ይበቃል። ቀንድ አውጣ ከምትበላውና ከአፈሩ ካልሲየም ትሰበስባለች። የገላዋ ሽፋን ያንን ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ለውጦ በዛጎሏ አፍ ጠርዝ ላይ በስሱ ይለብጠዋል። ዛጎሉ የሚያድገው በዚያ ጠርዝ በኩል ብቻ ስለሆነ ጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች የዕድገቷ ምልክቶች ናቸው። የአባይ በረሃ ድንጋይም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የሥነ ምድር ባለሙያ በላዩ ጠብታ አሲድ ሲያደርግበት እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚንተከተከው ለዚህ ነው።

ባለአከርካሪዎቹስ? ከኖራው ድንጋይ በላይ፣ ባህሩ ሲያፈገፍግ ወንዞች ያመጡት የሙገር ጭቃ ድንጋይ አለ። ተመራማሪዎች ከዚህ ንብርብር የአሳ፣ የኤሊ፣ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪት አግኝተዋል። ግኝቱ በብዛት ጥርስ ነው። አጥንት ይሰበራል፣ በአውሬ ይታኘካል፣ በውሃ ይበሰብሳል፤ የጥርስ ልባጥ ግን በባለአከርካሪ ገላ ውስጥ ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን በዚያ አካባቢ አጥቢ እንስሳ እንደነበረ የመሰከረውም አንድ ትንሽ ጥርስ ነው።

ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ ታሪኩ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይጠጋል። የዝሆን ጥንታውያን ዘመዶች ቅሪት እዚያ ተገኝቷል። አብሯቸው አርሲኖይቴሪየም የተባለው እንስሳ ነበረ፤ አውራሪስ የሚያክል ሆኖ በአፍንጫው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ነበሩት። የአውራሪስ ቀንድ ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ሲሆን የዚህኛው ግን አጥንት ነበር። ከጭልጋ በፊት የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት ታሪክ በዚያ ዘመን ላይ ባዶ ገጽ ነበረው።

ባለአከርካሪዎቹና አከርካሪ የለሾቹ በአፋር ምድር ላይ ይጎራበታሉ። በ1974 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ባለአከርካሪ ናት፤ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ መገኘቱ ብቻውን ትልቅ ዕድል ነበር። በሰሜን በኩል በደንከል ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ከ120,000 ዓመት በላይ የሆነው ኮራል በደረቁ አሸዋ ላይ ቆሞ ይታያል። ቀይ ባህር እስከዚያ ይደርስ ነበር። በኋላ ውሃው ተቆርጦ ቀረና ደረቀ፤ ጨው ቆራጮች አሞሌ የሚያወጡበት ሜዳ ያ ባህር የተወው ነው። የእነዚያ ኮራሎች ዘመዶች ዛሬም በምፅዋና በዳህላክ ዙሪያ በሕይወት አሉ።

የጥንቱ ባህር በከተማም ውስጥ አለ። በሙገርና በመቀሌው መሰቦ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የኖራው ድንጋይ ይፈጭና ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል እቶን ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ በከረጢት ታሽጎ በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ግንበኛው ከረጢቱን በአካፋ ቀዶ ከአሸዋ ጋር ሲያዋህደው ፊቱን የሚያለብሰው ግራጫ ብናኝ፣ ከኦጋዴን በኩል በገባው ባህር ውስጥ የኖሩት እንስሳት ዛጎል የነበረ ነው።