የመቀሌ ጉድጓድ ውሃና የምርመራ ወረቀቱ

የጉድጓድ ውሃን ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዝነው በምላሱና በሳሙናው ነው። ሳሙና ካላረፋ፣ ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ካወጣ፣ ሲጠጡት መረር ካለ ውሃው መጥፎ ይባላል፤ ጥርት ብሎ ከጣመ ደግሞ ሳይጠየቅ ለሕፃንም ይሰጣል። በመቀሌ ይህ ሚዛን በተለይ ያሳስታል። እዚህ ምላስ የሚያውቀው በአመዛኙ ከድንጋዩ የመጣውን ነው። ከሽንት ቤትና ከከብት በረት ሰርጎ የሚገባው፣ ጤናን በይበልጥ የሚያሰጋው፣ በትንሽ መጠን ሲገኝ ጣዕምም ቀለምም የለውም። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀት የተቀበለ ሰው «ቁጥሩ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከድንጋዩ እንጀምር። መቀሌና ዙሪያዋ የተቀመጡት በአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ በአጉላዕ ሼልና እነዚህን ሰንጥቆ በገባው ዶለራይት ላይ ነው። የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ ሆኖ የኖረው የዓይናለም የጉድጓድ መስክም የሚቀዳው ከእነዚሁ ዐለቶች ስንጥቅ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲሟሟ ለውሃው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይሰጠዋል፤ በሼሉ ውስጥ ያለው ጂፕሰም ደግሞ ካልሲየምና ሰልፌት ይጨምርበታል። ሳሙናውን የሚያስቸግረው ይኸው ካልሲየም ነው። ውሃው ሲፈላ የኖራው ድርሻ ቅርፊት ሆኖ ይቀመጣል፣ የጂፕሰሙ ግን በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰልፌት በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላወጣም፤ በሊትር ከ500 ሚሊግራም ሲያልፍ ለጤና ባለሥልጣናት እንዲነገር ይመክራል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰልፌት ላልለመደው ሆድ ተቅማጥ ያመጣል። ይህ ቀላል ችግር ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ትልቁ ቁጥር የሰልፌቱ ስለሆነ ብቻ ዋናው አደጋ እሱ ነው ማለት አይቻልም። ወንጂን በመሰሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የመጀመሪያው ጥያቄ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም የሚያልፍ ፍሎራይድ ነው፤ እዚያ ድንጋዩ ራሱ ጥርስና አጥንት ይጎዳል። ድንጋዩ ሲለያይ የጥያቄው ቅደም ተከተልም ይለያያል።

ናይትሬት ግን ከኖራ ድንጋይና ከሼል እምብዛም አይመነጭም። በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከፍ ብሎ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በረትና ማዳበሪያ ናቸው፤ ክሎራይድም አብሮት ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሹ ያመዝናል። የሚያሰጋውም በተለይ ጡጦ የሚጠጡ ጨቅላዎችን ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ሀንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአዮዋ ግዛት ገላቸው የሰማያዊነት መልክ ያወጣ ሕፃናትን መርምሮ ሕመሙን ከጉድጓድ ውሃ ናይትሬት ጋር አያያዘው። ናይትሬት በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የናይትሬት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ አንባቢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንድ ላቦራቶሪ የሚጽፈው ናይትሬቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ በዚያ አለካክ ገደቡ ወደ 11 ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 15 ቢጻፍ፣ የተለካው ናይትሬት ከሆነ ውሃው ከገደቡ በብዙ ያነሰ ነው፤ ናይትሮጅን ከሆነ ግን ወደ 66 ሚሊግራም ናይትሬት ማለት ነው፣ ለጨቅላ አይሰጥም። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። አለካኩ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ላቦራቶሪው ተመልሶ መጠየቅ አለበት።

«ውሃውን እናፈላዋለን» የሚል መልስ ይሰማል። ለጀርም ትክክል ነው፤ ማፍላት ከሰገራ የሚመጣውን ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ክሎሪንም እንዲሁ። ናይትሬትን ግን አያጠፋም፤ ውሃው እየተነነ በሄደ መጠን የቀረውን ያጠነክረዋል። «ጉድጓዳችን ጥልቅ ነው» የሚለውም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ እንደ አሸዋ አያጣራም፣ የክረምቱን ጎርፍ በፍጥነት ወደ ታች ያወርዳል፤ የጉድጓዱ አፍ በሲሚንቶ በደንብ ካልታሸገ ደግሞ ፍሳሹ በቱቦው ጎን ይገባል። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ ዜሮ መሆን አለበት፤ ሆኖም በግንቦት የተገኘ ዜሮ ስለ ነሐሴ አይመሰክርም። ናሙናው በንጹሕ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ዜሮውም የሚታመን አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በትግራዩ ጦርነት ዘመን መብራት ሲቋረጥ ፓምፕ በቆመበት ከተማ፣ ውሃውን ካወገዝን ቤተሰቡ ምን ይጠጣ? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ወረቀቱን በምንጩ ለይቶ ማንበብ የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው፤ ጉድጓዱን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ሰልፌቱ የበዛ ውሃ ልብስ ያጥባል፣ ቤት ያጸዳል። ጀርም ብቻ የተገኘበት በክሎሪን ወይም በማፍላት ይጠጣል። ናይትሬቱ ያለፈበት ከሕፃን ጡጦ ይራቅ፣ የቧንቧ ውሃ ሲመጣ የሚጠራቀመው ጄሪካን ለጡጦው ይቀመጥ። ገንዘብ የሚያንሰው ሁሉን ከማስመርመር ኢ. ኮላይንና ናይትሬትን ያስቀድም፤ ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅና ከቁልቁለቱ በየት በኩል እንዳለ ማየት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ወረቀቱ ራሱም ይመርመር። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አዮኖች ድምር በኤሌክትሪክ ሙል ሲሰላ መቀራረብ አለበት፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ በብዙ ካለፈ አንዱ መለኪያ ተሳስቷል ወይም ያልተለካ ነገር አለ። «አልተገኘም» የሚል ቃል ሲኖር መሣሪያው እስከ ስንት ዝቅ ብሎ እንደሚያይ ይጠየቅ። ላቦራቶሪ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ባንግላዴሽ በብዙ ሕይወት ተምራዋለች፦ ከጀርም ለመሸሽ የተቆፈሩት ጉድጓዶች አርሰኒክ እንደነበረባቸው በስፋት የታወቀው ሕዝቡ ለዓመታት ከጠጣ በኋላ ነው። ጉድጓድ ያላችሁ የመቀሌ ነዋሪዎች፣ ውሃችሁን በበጋም በክረምትም አስመርምሩ፤ ውጤቱን ከነቀኑና ከነአለካኩ አስቀምጡ፣ ለጎረቤትም አሳዩ፣ የምትቀዱት ከአንድ ዐለት ነውና።