የቦሄምያው ሳሕን ሠሪ ማን ነው?

ከ1900 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቦሄምያ የተሠራ፥ እንደ ርግብ አንገት የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳሕን ለሽያጭ ሲቀርብ፥ ሻጩ ዘወትር «የሎትዝ ሥራ ነው» ይላል። ሎትዝ በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፋብሪካ ስለ ሆነ፥ ስሙ ብቻውን ዋጋ ያንራል። ዳሩ ግን ክራሊክና ሪንድስኮፕፍም ለዓይን የሚመሳሰል ዕቃ ያወጡ ነበር።

ፊርማ እምብዛም አይረዳም፤ ከሎትዝ እውነተኛ ሥራዎች የሚበዙት ፊርማ የላቸውም፥ ሐሰተኛ ፊርማ የተቀረጸባቸው ግን በገበያ አይታጡም። የአገር ስም ይሻላል። «ቼኮስሎቫክያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳሕን ከ1918 ወዲህ የወጣ ነው፤ በ1900 ተሠራ የሚል ሻጭ በዚሁ ይረታል።

ሠሪውን ይበልጥ የሚያስታውቀው ቅርጹንና ልኩን ተርፈው ከታተሙት የፋብሪካው የሥራ ንድፎች ጋር ማስተያየት ነው። ይህ እስኪደረግ ድረስ በደረሰኙ ላይ «ቦሄምያ» ብቻ ማስጻፍ ይበቃል።